የሕፃናት ውሎ፦ መዋዕለ ሕፃናት ምን ያስተምራል?

መዋዕለ ሕፃናት የሚለው ስም «ውሎ» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሕፃናት የሚውሉበት ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ክፍል አላሉትም፤ ትምህርት ቤትም አላሉትም። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮቤልም እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለጀመረው ሥራ በ1840 ስም ሲያወጣለት «የልጆች የአትክልት ቦታ» ነበር ያለው። እኛ ውሎ አልን፣ እሱ አትክልት አለ። ሁለቱም ስሞች ስለ ጥቁር ሰሌዳ አያወሩም።

ታዲያ አንድ ሠልጣኝ ዛሬ ለተግባር ልምምድ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ምንድነው? ስድሳ ሰባ ሕፃናት ለትልልቅ ተማሪዎች በተሠራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ እግራቸው መሬት አይደርስም። መምህርቷ በአርጩሜ ሰሌዳውን እየጠቆመች እነሱ ባንድ ድምፅ ይጮኻሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» እስከ መቶ። ቀጥሎ «ኤ ፎር አፕል»። በመንገድ የሚያልፍ ሰው «እንዴት ያሉ ጎበዞች ናቸው!» ይላል። ወላጅም ደስ ይለዋል። ጩኸቱ ትምህርት መሆን አለመሆኑን መመርመር ግን የኛ የሙያ ግዴታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ከ4 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ የአንደኛ ክፍልን ትምህርት አስቀድሞ ስለጀመረ አይቀድምም፤ የሚቀድመው ለዚያ ትምህርት መሠረት የሚሆነውን ነገር በእጁ፣ በአፉና በጨዋታው ሲያደላድል ነው።

ነገሩን በሙከራ እንጀምረው። ሙከራው የስዊሱ የሥነ ልቡና ሊቅ የዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) ነው፤ መሣሪያው ግን የኛው የአርሲ ባቄላ ይሁን። አንድ የ4 ወይም የ5 ዓመት ልጅ ፊት ስድስት ባቄላ በመስመር ደርድሩ። ከሥሩ ሌላ ስድስት ባቄላ አንድ ላንድ ፊት ለፊት አድርጋችሁ ደርድሩ። «እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ይበልጣል?» ስትሉት «እኩል ናቸው» ይላል። አሁን እሱ እያየ የታችኛውን መስመር ባቄላዎች አራርቃችሁ መስመሩን አስረዝሙት። የጨመራችሁትም የቀነሳችሁትም የለም። ደግማችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ ልጆች ምንም ሳያመነቱ ወደ ረጅሙ መስመር እየጠቆሙ «ይኼ ይበልጣል» ይሏችኋል። ቁጠር ሲባል ሁለቱንም መስመር እስከ ስድስት በትክክል ቆጥሮ፣ አሁንም «ይኼ ይበልጣል» የሚል ልጅ አይጠፋም።

ልጁ ሞኝ ነው ወይ? በጭራሽ። የቁጥሮቹን ስም ያውቃል፤ ብዛት ማለት ምን እንደሆነ ግን ገና አልጨበጠም። «አራት፣ አምስት፣ ስድስት» ለሱ እንደ ዘፈን ቃል ነው። ፒያዤ እንዳሳየው፣ ነገሮች ቢበተኑም ቢሰበሰቡም ብዛታቸው ያው መሆኑን ልጅ በአብዛኛው የሚረዳው 6 ወይም 7 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ይህን የሚረዳው ደግሞ ሰው ስለነገረው ሳይሆን ራሱ እልፍ ጊዜ ደርድሮ፣ በትኖ፣ አከፋፍሎና መልሶ ሰብስቦ ስላየ ነው። እንግዲህ እስከ መቶ የሚያስጮህ መምህር ምን እያስተማረ እንደሆነ አስቡት። ዘፈኑን እንጂ ቁጥሩን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ እርማት መጨመር ይገባል፤ ብዙ የማስታወሻ ደብተሮች ይዘሉታልና። የስኮትላንዷ ተመራማሪ ማርጋሬት ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው መጽሐፍ እንዳስረዳችው፣ ልጆች የሚሳሳቱት አንዳንዴ ሳይገባቸው ቀርቶ ሳይሆን አጠያየቃችን ስለሚያደናግራቸው ነው። ትልቅ ሰው አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲጠይቅ ልጁ «የመጀመሪያው መልሴ ልክ አልነበረም ማለት ነው» ብሎ ያስባል። መስመሩን የሚያዛባው መምህሩ መሆኑ ቀርቶ አንድ «ባለጌ» የድብ አሻንጉሊት ሲሆን፣ በትክክል የመለሱት ልጆች ቁጥር በጣም ጨመረ። ለኛ ደግሞ ይህ ይበልጥ ይሠራል። ታላቅን ማክበር ከእናቱ ጡት ጋር የተማረ የአርሲ ልጅ፣ መምህር ደግሞ ሲጠይቀው መልሱን ቢቀይር ጨዋነቱ ነው እንጂ ድንቁርናው አይደለም። ስለዚህ ሙከራውን ስታደርጉ ባቄላውን በሶክስ የተሠራች አሻንጉሊት ታዛባው።

የገጠር ልጅ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ባዶ እጁን አይመጣም። በጭላሎ ግርጌ ያለ የ5 ዓመት ልጅ ከታላቁ ጋር ጥጃ ይጠብቃል። ማታ ስንት ጥጃ እንደገባ በቁጥር ላይናገር ይችላል፤ የጎደለችውን ግን በመልኳ ለይቶ «ዳልቻዋ የለችም» ይላል። በመልክ መለየት፣ መመደብ፣ አንድ ላንድ ማዛመድ የሒሳብ መጀመሪያ ነው። መምህሯ ይህን ካወቀች ሥራዋ ግማሹ አለቀ። ባቄላ፣ አተርና ስንዴ አደባልቃ «ለዩልኝ» ትላለች። በስኒ እየሰፈሩ ጣሳ እንዲሞሉ ታደርጋለች። ለአምስት ልጅ አምስት ቆሎ መያዣ «አንዳንድ አድርሺ» ብላ ታዛለች። (ከ4 ዓመት በታች ያሉት ባቄላ አፍንጫቸው ውስጥ መክተት ስለሚወዱ ለነሱ ትልልቅ ነገር ይሁን። ጤና ጣቢያ ሮጦ ያየ ያውቀዋል።)

ወደ ንባብ እንሻገር። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲያው ፊደሉን በአራት ዓመታቸው እናስጀምራቸው» ይላል። ነገር ግን እነዚያ ልጆች የጎደላቸው ፊደል መስማት አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰሙት ከርመዋል። የጎደለው ፊደሉ የሚይዘው ድምፅ በጆሯቸው ተለይቶ አለመሰማቱ ነው። ቃል የሚቆራረጥ ነገር መሆኑን የማያውቅ ልጅ 231ዱንም ፊደላት፣ ቁቤም ቢሆን እንደዚያው፣ እንደ ሥዕል ይሸመድዳቸዋል።

ይህን ጆሮ የሚያሠለጥነው ጨዋታ ነው። ልጆቹን በክብ አቁሙና የምታውቁትን የቦታ ስም እያጨበጨባችሁ በሉ። አ-ሰ-ላ፣ ሦስት ጭብጨባ። ጢ-ዮ፣ ሁለት። በ-ቆ-ጂ፣ ሦስት። ቀጥሎ የየራሳቸው ስም። «ስሙ ሁለት ጭብጨባ የሆነ ይቀመጥ!» ሲባል የሚፈጠረውን ሳቅ ታያላችሁ። ከዚያ «ስሟ በ‘መ’ የሚጀምር ማናት?» ይከተላል። አንድም ጠመኔ አልባከነም። ልጁ ግን ንባብ የሚቆምበትን ምሰሶ እየተከለ ነው። ማታ ማታ በየቤቱ የሚቀርበው እንቆቅልሽ፣ በኦሮምኛው ሂቦ፣ ሥራው ይኸው ነው፤ ጆሮንም ሐሳብንም ያሾላል። አያቶች ያለ ደመወዝ የሚሰጡት ትምህርት ስለሆነ ነው መሰል ብዙ መምህራን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

ሌላው እጅ ነው። የ4 ዓመት ልጅ እርሳስ አስጨብጦ «ሀ»ን በመስመር ማስጻፍ ጣቱን ማሠቃየት ነው። በዚያ ዕድሜ የእጅ አንጓ አጥንትና የጣቶቹ ትንንሽ ጡንቻዎች ገና በማደግ ላይ ናቸው። እርሳሱን በጡጫው ጨብጦ ደብተሩን እስኪቀድ የሚጫነው ለዚህ ነው። ጭቃ ይስጡት። በሬ ይሥራ፣ ምጣድ ይሥራ፣ ጎጆ ይሥራ። ሣር ይጎንጉን፣ አተር ይፈልፍል፣ ቁልፍ ይቆልፍ። አመድ በተነሰነሰ ትሪ ላይ በጣቱ ይጫር። ጭቃ ሲያቦካ የቆየ እጅ እርሳስ ሲይዝ ይለያል፤ የአንደኛ ክፍል መምህራን ይህን ይመሰክራሉ።

ስለ ጨዋታ ብዙ የተጻፈ ቢሆንም አንዱን የሩስያዊውን የሌቭ ቪጎትስኪን (እ.ኤ.አ. 1896–1934) ሐሳብ ማለፍ አይቻልም፤ ምክንያቱም ለፈረስ አገር የተጻፈ ይመስላል። አንድ ልጅ ዱላ በእግሮቹ መሐል አድርጎ «ቼ!» እያለ ሲጋልብ ዱላው ፈረስ እንዳልሆነ ያውቃል። ግን ፈረስን ወክሏል። አንድ ነገር ሌላን ነገር ሊወክል እንደሚችል የሚገባው ያኔ ነው። በኋላ በወረቀት ላይ ያለች ጭረት ድምፅን ትወክላለች ሲባል አይደንቀውም፤ ዱላን ፈረስ ያደረገ ሰው ነውና! እቃቃ ጨዋታም እንዲሁ ነው። ቆርኪው ስኒ፣ አፈሩ ቡና፣ ልጅቷ እናት ትሆናለች። እናት ስትሆን እንደ እናት ትናገራለች፣ ትታገሣለች፣ ተራ ትጠብቃለች። በሌላ ሰዓት ተቀመጪ ቢሏት የማትቀመጠው ልጅ ናት። በርቀት የሚያይ ተቆጣጣሪ «ዛሬ አላስተማርሽም እንዴ? ልጆቹ እኮ እየተጫወቱ ነው» ቢል መልሳችሁ ዝግጁ ይሁን።

የቋንቋው ጉዳይ በአካባቢያችን ጥንቃቄ ይሻል። ከአሰላ ወጣ ሲሉ ብዙው ልጅ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። በከተማው ግን በአማርኛ የፈታም፣ ሁለቱንም እኩል የሚናገርም አለ። ከ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተደንግጓል። ደንቡ በወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው መምህሩ ነው። በማያውቀው ቋንቋ የሚቀበሉት የ4 ዓመት ልጅ ዝም ይላል። ዝም ሲል «ፈዛዛ ነው» ይባላል። ሽንቴ መጣ ብሎ መናገር አቅቶት ሱሪው ላይ ሲያመልጠው ይሳቅበታል፤ በማግስቱ ከቤት አልወጣም ይላል። ስንቱ ልጅ በዚህ ምክንያት ከትምህርት ጋር የተጣላ ይመስላችኋል? በኦሮምኛ የማይናገር ሠልጣኝ ቢያንስ «ኮቱ» (ና)፣ «ታኢ» (ተቀመጥ) ከማለት ጀምሮ የልጁን የዕለት ቃላት ይማር። ልጁም ያስተምረው። መምህሩን ያስተማረ ልጅ የሚሰማውን ኩራት በምንም ማርክ አታገኙትም። እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ ያገሩን ወፍ ስም በገዛ ቋንቋው ሳይጠግብ «አፕል» ማለቱ ምን እንደሚጠቅመው የሚያስረዳን አላገኘንም።

የቅድመ መደበኛ ትምህርት ታሪካችንን በአጭሩ እንመልከት። በጥንቱ ሥርዓት ሕፃናት በአራት በአምስት ዓመታቸው ከየኔታ እግር ሥር ወይም ከቁርዓን መምህሩ ፊት ይቀመጡ ነበር። የቃል ጥናት ይበዛዋል፣ ጨዋታ አይታወቅበትም፤ እውነት ነው። ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል። ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በድሬዳዋ ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ለመጡት ፈረንሣውያን ልጆች ተከፈተ፤ ለብዙ ጊዜም የውጭ ዜጎችና የባለጸጎች ልጆች መዋያ ሆኖ ቆየ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት በየመንደሩ እየከፈቱ የመምህርቷን ደመወዝ ከአባላት መዋጮ ይከፍሉ ጀመር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ ማኅበራቱ ተዳከሙ፤ የብዙዎቹ በርም ተዘጋ፤ ሥራው በከተማ ለግልና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተተወ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። «ዜሮ ክፍል» በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የ2 ዓመት ትምህርት አድርጎታል። በዚሁ ጊዜ ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ «ልጅ ለልጅ» የተባለው ነው፤ ትልልቅ ተማሪዎች በሰፈራቸው ያሉትን ታናናሾች ሰብስበው በጨዋታ ያዘጋጃሉ። የየኔታ ደቀ መዝሙር በአዲስ ስም ተመለሰ ማለት ነው።

ዜሮ ክፍል በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ መሆኑ ጥቅም አለው፤ ርቀቱ ግን ይታሰብበት። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ አቅራቢያ ካለው ቤቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ሁላችን እናውቃለን። የአርሲ ኩራት ነው። የ4 ዓመት ልጅ ግን ኃይሌ አይደለም። ሦስት ኪሎ ሜትር በክረምት ጭቃ ተጉዞ የሚደርስ ሕፃን የሚማርበት ጉልበት አይተርፈውም። ስለዚህ ነው የመንደር መዋያና «ልጅ ለልጅ» ከትልቁ ትምህርት ቤት ክፍል ጎን ለጎን የሚያስፈልጉት።

ጉልበት ካልን ሆድም አለ። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበር። ይህ የቁመት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሰውነት ዕድገት የገታው የምግብ ጉድለት የአንጎልንም ዕድገት ይጎዳል። እህል በሚታፈስበት በአርሲ ደጋም ቢሆን ገብስና ስንዴ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬና ጎመን የሚሰጡትን አይተኩም። ሬቸልና ማርጋሬት ማክሚላን የተባሉት እኅትማማቾች እ.ኤ.አ. በ1914 በለንደን ዴፕትፎርድ በተባለው የድሆች ሰፈር መዋዕለ ሕፃናት ሲከፍቱ በመጀመሪያ የሠሩት ልጆቹን ማጠብ፣ መመገብና ንጹሕ አየር ላይ ማዋል ነበር። በኛ ሁኔታ በሶ በወተት፣ የተቀቀለ ባቄላ፣ ከወላጆች ተራ በተራ የሚመጣ እንቁላል ማዘጋጀት ከአቅም በላይ አይሆንም። ልጁ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ከታጠበ ጤናም ትምህርትም ሆነ።

ብርዱንም አትርሱ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ጭላሎ ራሱ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት በሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ሕፃን መንቀጥቀጥ እንጂ መማር አይችልም። አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጉና ጆንያ ውስጥ ጭድ ሞልታችሁ ፍራሽ ሥሩ፤ ከአጨዳ በኋላ ጭድ የማይገኝበት መንደር የለም። ፀሐይ ስትወጣ ልጆቹን ወደ ውጭ፣ ነፋስ ወደማይነካው ግድግዳ ውሰዷቸው።

«ወላጆቹስ? ደብተሩን ባዶ ሲያዩት ምን እንላቸዋለን?» የሚል ጥያቄ ከሠልጣኞች ደጋግሞ ይነሳል። እውነተኛ ጥያቄ ነው። የግል ትምህርት ቤቶችም የቤት ሥራና እንግሊዝኛ የሚያበዙት ወላጅ ስለሚጠይቅ ነው እንጂ ባለሙያዎቻቸው ሳያውቁ ቀርተው አይመስለንም። እዚህ ላይ ከአሜሪካን አገር የተገኘ ማስረጃ ይረዳል። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 በሚቺጋን ክፍለ ግዛት በኢፕሲላንቲ ከተማ ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት ለጥናት ተመረጡ። 58ቱ ፔሪ በተባለው መዋዕለ ሕፃናት ገቡ፤ 65ቱ አልገቡም። በመዋያው ልጆቹ ጨዋታቸውን ራሳቸው ያቅዳሉ፣ ይሠራሉ፣ ከዚያም ስለሠሩት ይናገራሉ። መምህራኑ ደግሞ በየሳምንቱ እየሄዱ እናቶችን ቤታቸው ያነጋግሩ ነበር። ልጆቹ 40 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ተከታትለዋቸዋል። ከገቡት ውስጥ ከመቶ 77ቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲጨርሱ፣ ካልገቡት የጨረሱት 60 ናቸው። የገቢያቸውም መጠን የተሻለ ሆነ፤ የታሰሩት ቁጥርም አነሰ። አገሩ ሌላ፣ ገንዘቡም ሌላ ነው። ግን ቤት ድረስ መሄዱ የኛም ባህል ነው። ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ለአባትየው ስለ ፒያዤ ከምትነግሩት ይልቅ የባቄላውን ሙከራ በልጁ ላይ ፊቱ አድርጉለት። እስከ መቶ የሚቆጥረው ልጁ «ረጅሙ ይበልጣል» ሲል ሲሰማ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ከስብሰባ ንግግር ሁሉ ይበልጣል።

ስድሳ ልጅ ይዛ ብቻዋን ያለች መምህርት ይህን ሁሉ ባንዴ ልታደርግ አትችልም። በአራት ቡድን ትክፈላቸው፤ አንዱ ጭቃ፣ አንዱ እቃቃ፣ አንዱ ቆጠራና መለየት ይያዝ፤ አራተኛው ከሷ ጋር ተረት ይስማ፣ ያውራ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይቀያየራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትርምስ ይሆናል። ከ5ኛ ወይም ከ6ኛ ክፍል ሁለት ሦስት ልጆች በተራ እንዲያግዟት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ትስማማ።

መሣሪያው ገንዘብ አይጠይቅም። ቆረቆንዳ፣ የክር ማጠንጠኛ፣ የዘይት ጀሪካን ክዳን፣ ያረጀ ሶክስ፣ ከሁሉም በላይ ቆርኪ። ቆርኪ ከየሻይ ቤቱና ከየግሮሰሪው በነፃ ይገኛል። ለተግባር ልምምድ የምትወጡ ካሁኑ ሰብስቡ፤ ለአንድ ክፍል አምስት መቶ ያህል ይበቃል። ጠርዙ ጣት ስለሚቆርጥ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በድንጋይ ቀጥቅጣችሁ ወደ ውስጥ እጠፉት፤ ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ሰማያዊ ቀለም ብትቀቡት ለመለየትም ለመደርደርም ያገለግላል።